የባሻ ደምሴ ሦስት በሮች

ባሻ ደምሴ መሞታቸውን የሰማሁት ታንኳ ላይ ሆኜ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ደርግ ሊወድቅ ወራት ቀርተውታል። ከዘጌ እንጨት ጭኜ ስመለስ እንደ እኔው ታንከኛ የሆነው አሕመድ ከዳር ቆሞ ነጠላውን እያውለበለበ ጠራኝ። "አያሌው፣ ቶሎ ቅዘፍ፤ ባሻህ ዐረፉ" አለኝ። ባሻህ ነው ያለኝ፣ እንደ አባቴ ቆጥሮ። ዘመዴ አልነበሩም። ፈርደውብኝ ነው የተዋወቅነው።

እኔ ቶሎ አልቀዘፍሁም። እንዲያውም መቅዘፊያውን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ሰው ሲሞት አለመቸኮል ነውር ነው ይላሉ። ይበሉ።

ስለ እሳቸው ጻፍ ብላ የያዘችኝ የልጅ ልጄ ናት። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ አልገፋሁበትም። እንደምናገረው እጽፋለሁ፤ ያልጣመው ይተወው።

ባሻ ደምሴ ዳኛ አልነበሩም። ማለቴ፣ በፊት አልነበሩም። በንጉሡ ጊዜ የፍርድ ቤት በር ዘበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን አንድ በር ላይ ቆመው ባለጉዳይ ሲያስገቡ፣ ባለጉዳይ ሲያስወጡ፣ "ተነሡ" ሲሉ፣ "ዝም በሉ" ሲሉ ኖሩ። በሩ የሳሳ ሳንቃ ነበረና ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ሰምተዋል። ሕጉን በጆሯቸው ነው የተማሩት፣ ቆመው። ኋላ ቀበሌ ሲቋቋም ለፍርድ ሸንጎ ሰው ምረጡ ተባልን። በእኛ ቀበሌ ሕግ የተማረ ቢፈለግ ታጣ። አንዱ ተነሥቶ፣ ባሻ ደምሴ ከዳኞቹ ሁሉ የበለጠ ችሎት ውለዋል አለ። እውነቱን ነው። ዳኛ ይሾማል፣ ይሻራል፣ ይታመማል፤ ዘበኛው ግን እዚያው ነው። እጃችንን አወጣን፤ ዳኛ ሆኑ።

ዳኛ ይሁኑ እንጂ በሩ አለቀቃቸውም። ችሎት በሚውሉበት ቀን መጀመሪያ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ያችን ቁልፏ የወላለቀ ካኪ ኮታቸውን ይጎትታሉ፣ ጃንጥላቸውን ብብታቸው ሥር ያደርጋሉ፣ ከዚያ "ተነሡ!" ይላሉ። እኛ እንነሣለን። እሳቸው በመካከላችን አልፈው ሄደው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። የተነሣነውም ለእሳቸው፣ ያስነሡንም እሳቸው። የሚስቅ ካለ እያዩ ያልፉታል፤ ሰው ግን አይስቅም ነበር። ሁለት ረዳት ዳኞችም ነበሯቸው፤ አንደኛው ያንቀላፋል፣ ሁለተኛው ባሻ ያሉትን ይደግማል።

የታወቁት ግን በሦስቱ በሮች ነው። "የሰው ጥፋት የሚገባው በሦስት በር ነው" ይሉ ነበር። እንዲህ ሲሉ በጃንጥላቸው ጫፍ ወለሉን ሦስት ጊዜ ይነካሉ። በአንደኛው በር የሚገባው ሳያይ ያጠፋ ነው። ማየት ነበረበት፣ ግን አላየም። በሁለተኛው በር የሚገባው አይቶ የናቀ ነው። ጉዳቱ ሊመጣ እንደሚችል ያውቃል፣ ምን አለበት ብሎ ያልፋል። በሦስተኛው የሚገባው አይቶ የፈለገ ነው። ጉዳቱ እንዲመጣ አስቦ፣ አቅዶ። "የወደቀው ቤት አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሞተውም በሬ አንድ ሊሆን ይችላል። እኔ የማየው የተሰበረውን ዕቃ አይደለም። በየት በር እንደገባህ ነው የማየው" ይላሉ። እኔ የበር ሰው ነኝ ይሉናል ደግሞ፣ እንደማናውቅ።

ታዲያ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው አንደኛውን በር ነው። "አላየሁም ባሻ።" ስንቱ ዓይናማ እሳቸው ፊት ሲቀርብ ታወረ።

አንዲት ጠላ ጠማቂ ጎረቤታችን አመድ ልትደፋ ወጥታ በሰው የሣር አጥር ሥር ደፋችው። አመዱ ውስጥ ፍም ነበረበት፤ አጥሩ ነደደ። ሴትዮዋ ቀርባ አላየሁም፣ የሞተ አመድ መስሎኝ ነው አለች፣ ማለች፣ አለቀሰች። ባሻም አብረዋት ያዘኑ መሰሉ። ከዚያ፣ እስቲ የአመዱን ዕቃ እንዴት አድርገሽ እንደያዝሽው አሳዪን አሏት። ሴትዮዋም ገር ናት፣ ሁለት ክንዷን ወደፊት ዘርግታ፣ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ አሳየች። ባሻ በጃንጥላቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ መቱ።

"የእኔ ልጅ፣ የሞተ አመድ ሰው በጉያው ይዞ ይሄዳል። አንቺን ምን አራቀሽ? ሙቀቱ ነዋ። በሁለተኛው በር ግቢ።"

ሴትዮዋ ራሷ ሳቀች። አጥሩን ከነባሏ መልሳ አጠረች።

እንግዲህ እኔም በዚያ ወለል ላይ ቆሜያለሁ። የእኔ ነገር ግን የሣር አጥር አልነበረም።

የአብዮት በዓል መስከረም ላይ ነው። ለበዓሉ ቀበሌያችን አንድ ትልቅ ሥዕል አሠርቶ ነበር። በስስ ጣውላ ላይ የተሣለ፣ ፂማቸው የተንዠረገገ ሦስት ፈረንጆች። ስማቸውን ካድሬው ደጋግሞ ቢያስጠናኝም አልያዘልኝም። የሣላቸው ሰው በፊት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥል ስለነበረ ዓይናቸውን እንደ ቅዱሳኑ ትልልቅ አድርጎታል፤ እናቶች ሲያልፉ ይሳለሙ ወይም ዝም ይበሉ ግራ ይገባቸዋል። ይህንን ሥዕልና የቀበሌውን የድምፅ ማጉያ የዘጌ ገበሬዎች ማኅበር ለሰልፍ ልምምድ አንድ ቀን አውሱን አለ። የሞተር ጀልባው ነዳጅ የለውም ተባለ። በታንኳ ይሂድ ሆነ።

ባሕር ዳር ያልኖረ ሰው ይህን ይወቅልኝ። ታንኳ የሚታሰረው ደንገል ከሚባል የውኃ ሣር ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ሠርታ ስትመለስ ከባሕሩ አውጥተህ ቀጥ አድርገህ ታቆማታለህ፤ ውኃዋ ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ይመታታል፣ ትደርቃለች። የደረቀችን ታንኳ ሁለት ሰው ተሸክሞ ያወርዳታል። ያልደረቀች ግን ጠጥታለች እንላለን። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጳጉሜ ገብቶም አላባራም፤ ፀሐይ ጠፍታ ሰነበተች። የአሕመድ ታንኳ ገና የታሰረች አዲስ ነበረች። የእኔዋ አሮጌ ናት፣ ጠጥታለች። እያወቅሁ ነው። ግን የቀበሌያችን ሊቀመንበር "ከእናንተ ማን ይወስዳል?" ሲል ቀድሜ እኔ አልሁ። የመሪዎች ሥዕል አሕመድ ወስዶ እኔ ዳር ቆሜ ልመለከት ነው? ታንኳ ማሰር እኔ ከአባቴ የወረስሁት ነው። አሕመድም ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ግን እሱን ተውት።

አሕመድ ስጭን አይቶ ጠጋ አለና ቀስ ብሎ "አያሌው፣ ታንኳህ ጠጥታለች" አለኝ። እኔም ታንኳ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ ወይ ብዬ መለስሁለት።

ከዳር ብዙ አልራቅሁም። ታንኳዋ ዝቅ፣ ዝቅ አለች። ንፋስ የለ፣ ማዕበል የለ፤ እንደ ደከመች ላም ጎኗን ሰጥታ ተኛች። ድምፅ ማጉያው ወረደ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው፣ ለዓሣዎቹ የሚናገርላቸው ካለ። እኔ የያዝሁት ሥዕሉን ነበር። ጣውላ ነውና ተንሳፈፈ። ሦስቱን ፈረንጆች አቅፌ ስጮህ አሕመድ በታንኳው ደርሶ ጎትቶ አወጣን። ቀለሙ ገና በደንብ አልደረቀም ኖሮ የአንደኛው ፂም በሌላው ደረት ላይ ፈሰሰ፤ የቀረው እኔ ደረት ላይ ቀረ።

ሊቀመንበሩ ደረቴን አየ፣ ሥዕሉን አየ። ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀር የመሪዎችን ሥዕል ባሕር መክተት ድንገተኛ ነገር አይደለም፣ አሻጥር ነው አለ። በዚያ ዘመን ያቺ ቃል የተጻፈችበት ፋይል ወደ ላይ ይሄዳል። ከፋይሉ ጋር ሰውየውም ይሄዳል። ፋይሉ ተመልሶ ይመጣ ይሆናል።

በቀበሌው ዕቃ ቤት ቆለፉብኝ። ሥዕሉም ማስረጃ ነውና አብሮኝ ገባ። አራት ቀን እኔና ሦስቱ ፈረንጆች ተፋጠጥን። በዓሉም ያለ እኛ አለፈ።

ባሻ በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መጡ። አልገቡም፤ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ፋይሉን ነገውኑ ወደ ላይ ሊልክ ፈልጎ እሳቸው እንዳስቆሙት ነገሩኝ። ሊቀመንበሩ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። "ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ሳይለኩ ጨርቅ ቆርጠው ያውቃሉ?" ብለውታል። መጀመሪያ ሸንጎው ይለካ፤ በሦስተኛው በር የገባ ሆኖ ከተገኘ እኔው ራሴ አስሬ እወስደዋለሁ ብለው ተዋውለው መጡ።

ከዚያ ታንኳዬ እንዴት ነበረች ብለው ጠየቁኝ።

"ደረቅ ነበረች" አልሁ።

ማዕበል ነበረ ወይ አሉኝ። አልነበረም አልሁ፤ ዳር የቆመ ሁሉ አይቷልና ይህንን መዋሸት አይቻልም። ንፋስስ? የለም።

"እንግዲህ ስማኝ አያሌው" አሉኝ። "ታንኳዋ ደረቅ፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ። ታዲያ ማን ገለበጣት? አንተ ነሃ። ይህ ሦስተኛው በር ነው። በገዛ አፍህ ከፍተህ እየገባህ ነው።"

እኔ ግን ደረቅ ነበረች አልሁ። እናንተ የምታነቡ ሞኝ ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን። ግን አስቡት፤ በባሕር ዳር ዳርቻ ሁሉ አያሌው በጠጣች ታንኳ ጭኖ ሰጠመ ከሚባልስ? ፀረ አብዮት ቢሉኝ አንድ ቀን ይረሳል። ታንኳ አያውቅም የተባለ ሰው ግን ልጁም ታንኳ የማያውቀው ሰው ልጅ ነው። ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የማስበው። ባሻም ከሄዱ በኋላ እንጉዳይ፣ ባለቤቴ፣ ምግብ አቀብላኝ፣ ባሻ ሲወጡ "ይህ ሰው ከመሞት መዋረድ ይብስበታል፤ ሁለቱንም እንዳያገኝ እፈራለሁ" እንዳሉ ነገረችኝ። እሷም አክላ የበለጠ ሰደበችኝ።

ሸንጎው በበዓሉ ማግስት ዋለ። አዳራሹ ሞላ፤ መስኮቱም በሰው ተደፈነ። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ባሻ በሩ ላይ "ተነሡ" አሉ፤ አልፈው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ የፊት ወንበር ላይ ወረቀቱን ይዞ ተቀምጧል።

መጀመሪያ አሕመድ ቀረበ። ማዕበል እንዳልነበረ ተናገረ። ስለ ታንኳዋ ያልኸው ነገር ነበረ ወይ ሲባል እኔን አየ። "እኔና አያሌው ቀኑን ሙሉ ስንባባል የምንውል ሰዎች ነን ባሻ፤ የቱን አስታውሼ የቱን እተዋለሁ" አለ። ልብ አድርጉ፤ ያወጣኝም እሱ፣ ነውሬን የሸፈነልኝም እሱ። ያን ቀን ከምንም በላይ ያናደደኝ ይህ ነው።

ከዚያ እኔን አስነሡኝ። ታንኳዋ ደረቅ ነበረች ብዬ ደገምሁ። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብሎ ጻፈ። ባሻ ብዕሩ እስኪቆም ጠበቁና ዋና ትችላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ምን ልበል? ሃያ ዓመት ከባሕር ላይ ያልወረድሁ ሰው ነኝ። ዋና እንደምችል ለሁሉም ተናግሬያለሁ፤ በወጣትነቴ ከደሴት ደሴት ዋኝቼ ነበር ብዬ ያወራሁትም አለ። እንጉዳይ ከሴቶቹ መካከል ሳትነሣ ተናገረች።

"ባሻ፣ ይህ ሰው ገላውን የሚታጠበው እንኳ በጣሳ ነው።"

አዳራሹ ፈረሰ። ያንቀላፋ የነበረው ረዳት ዳኛ ነቅቶ ሰው ምን ያስቀዋል ብሎ ጠየቀ። ባሻ "ዝም በሉ" ብለው በጃንጥላቸው ወለሉን መቱ፣ ሦስት ጊዜ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይመልከቱ። ሊያሰጥም የፈለገ ሰው ራሱ ቀርቶ አሕመድን ይልካል፤ ወይም ዋና ያውቃል። ዋና ሳያውቅ ራሱ የተቀመጠባትን ታንኳ አስቦ የሚገለብጥ ሰው የለም። ካለም የሚፈልገው የራሱን ሞት ነው። ይህ ደግሞ ሞት የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ እነዚህን ሦስት ጓዶች እንዴት አድርጎ እንዳቀፋቸው ደረቱን አይተዋል። ሦስተኛው በር ተዘጋ።"

ሊቀመንበሩ ተቆጣ። እንግዲያው ጥፋት የለበትም ልትሉ ነው ወይ አለ። እኔም በልቤ ይህንኑ ተስፋ አድርጌ ነበር። ባሻ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

"ሁለት በር ቀረ። አያሌው፣ በዚያ ጧት ታንኳዋ ከዳር ወደ ውኃ ስትወርድ ስንት ሰው አወረዳት?"

የደረቀችን ታንኳ ሁለት ሰው እንደሚያወርዳት እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ነን ብል አሕመድ ዝም ይልልኛል። ሌሎቹም ምናልባት ዝም ይሉልኛል። አሕመድን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ለእኔ ሲል ሊያፍር ነው።

"ስድስት" አልሁ።

"አልሰማሁህም።"

"ስድስት ሰው ነው ያወረዳት። ጠጥታ ነበር። አሕመድም ነግሮኛል፣ እኔም ከመነገሬ በፊት አውቄያለሁ። ምን አለበት፣ ትደርሳለች ብዬ ነው።"

ባሻ ወለሉን ሁለት ጊዜ ነኩ። ቀስ አድርገው፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

ሊቀመንበሩ ቢሆንም ፋይሉ ወደ ላይ ይሂድ አለ። ባሻም ይሂድ አሉ። ሲሄድ ግን የላይኞቹ ሥዕሉን ታንኳ ላይ ጫኑ ብሎ የፈረመው ማን ነው ብለው ይጠይቃሉ፤ ዳር ቆሞ ስድስት ሰው አንዲት ታንኳ ሲጎትት እያየ ዝም ያለው ማን ነው ብለውም ይጠይቃሉ። "ሁለተኛው በር ሰፊ ነው ጓድ፤ ብዙ ሰው ጎን ለጎን ያስገባል" አሉት። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጠፈው፤ ደግሞ አጠፈው፤ እንደ ጨርቅ ጥግ ለጥግ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

ፍርዱ እንዲህ ነበር። አያሌው አይቶ በመናቁ ለቀበሌው ሁለት አዳዲስ ታንኳዎች ያስር። የሚቀጥለው የአብዮት በዓል ከመድረሱ በፊት ደግሞ ዋና ይማር። መማሩን ሸንጎው በዓይኑ ያረጋግጥ። ሁለተኛው ረዳት ዳኛ "ዋና ይማር" ብሎ ደገመ።

ለቅሶ ሊሆን የነበረውን ጉዳይ ሳቅ አድርገው ፈቱት። እኔ ግን ተናደድሁ። አልማርም አልሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባሻ ራሳቸው ቤቴ ድረስ መጥተው ይዘውኝ ወረዱ። ከዳር አንዲት ዝርግ ድንጋይ ነበረች፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እዚያ ላይ ተቀመጡ። ዓመቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀመጡ። ዝናብ ቢሆን፣ ፀሐይ ቢሆን። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች እኔን እያዩ ሥራ ፈቱ። ባሻ ዋና አይችሉም፤ ግን እግርህን እጠፍ፣ እግርህን ዘርጋ እያሉ ያዝዙኛል። አቅቶኝ ስወጣ "ጉማሬ እንኳ ይዋኛል፤ አንተ ከጉማሬ ትከብዳለህ?" ይላሉ። የሚያስተምረኝ አሕመድ ነበር፤ እሱን እዚህ ላይ መጻፍ ባልፈልግም ልጻፈው።

በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ከድንጋይዋ እስከ አሕመድ ታንኳ ዋኘሁ። ባሻ ተነሥተው ቆሙ። ሌላ ምንም አላሉም። ፋይሌ ላይ ቅጣቱን ጨርሷል ብለው ጻፉ፤ የቀበሌውን ማኅተም ሁለት ጊዜ መቱበት። አንዱ ማኅተም አይበቃም ወይ ብላቸው፣ አንዱ ለአንተ ነው አሉ። ሌላው ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ባሻ ከሸንጎው ወጡ፤ እግራቸው ማበጥ ጀመረ። እኔም ሲቀናኝ ቆሮሶ የምንለውን ዓሣ ይዤ እሄድላቸዋለሁ። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ነሐሴ፣ ጾሙ የተፈታ ሰሞን ሄድሁ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንበራቸውን ከበሩ አጠገብ አድርገውታል፤ ሌላ የት ይሆናል። ዓሣውን ልጃቸው ተቀበለችኝ። ባሻም ድንገት ያን ፍርድ አነሡ።

"አያሌው፣ ስድስት ሰው ታንኳዋን እንዳወረዳት እኔ እንዴት አወቅሁ?"

እኔም ይህንኑ ነገር ስንት ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። ሰው ነግሮዎት ይሆናል አልሁ።

"ማንም አልነገረኝም። በዚያ ጧት ከዛፉ ሥር ቆሜ ነበር። ስድስታችሁ ስትጎትቷት አየሁ። ገና ሳትነሣ ውኃው እስከ ከንፈሯ እንደደረሰ አየሁ። ይህች አትደርስም አልሁ፣ በልቤ። ዝም አልሁ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ትሰማ ነበር?"

"አልሰማም ነበር።"

"እሱን ብዬ ነው ዝም ያልሁ። አሕመድ ሲነግርህ የመለስህለትንም ሰምቻለሁ። እልኸኛ ነው፣ ራሱ ያውቃል ብዬ ናቅሁ። ከዚያ ስትጮህ ሰማሁ። እንግዲህ ዝም ማለቴ ሁለተኛው በር ነው። ከዚያ ደግሞ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። በዓይኑ ያየ ሰው ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም፤ ይህን በሩ ላይ ቆሜ ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። እንዳልነሣ አስቤ፣ አውቄ፣ ፈልጌ ተቀመጥሁ። ብነሣ ሊቀመንበሩ ነበር የሚቀመጥበት። ይህኛው ሦስተኛው በር ነው። እስካሁን የፈረደብኝ ሰው የለም። አንተ ፍረድ።"

ያን ጊዜ ነው ቅዳሜዎቹ የገቡኝ። ዋና መማሩን የፈረዱት በእኔ ላይ ነበር። ዝናብና ፀሐይ ላይ፣ እዚያች ድንጋይ ላይ መቀመጡን ግን በራሳቸው ላይ ፈርደውት ኖሯል። ሁለተኛው ማኅተም የእሳቸው ነበር።

ይህንን ነገር ብናገር አፌ አያሳምረውም፤ ተውሁት። ለሁለተኛው በር እፈርዳለሁ፣ ለሦስተኛው ግን አልችልም አልሁ። ለምን አሉኝ።

"የተጠቀምሁበት እኔ ነኝ። የተጠቀመ ሰው አይፈርድም።"

ዓይናቸው በራ። ጃንጥላቸውን ፈልገው ወለሉን አንድ ጊዜ ነኩ፤ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። እሺ፣ ለሁለተኛውስ አሉ።

"ባሕር ይግቡ። እስከ ወገብ።"

"ይግባኝ እላለሁ" አሉ። "እግሬ አብጧል። እስከ ጉልበት ይሁን።"

ተከራከርን። እስከ ጉልበት ሆነ። እንዲያውም የዚያኑ ዕለት ይፈጸም አሉ። ልጃቸው እያጉረመረመች ሱሪያቸውን አጠፈችላቸው። ክንዳቸውን ይዤ ወረድን። ደመና ነበር፣ ዝናብም ፀሐይም የለ፤ እሳቸው ግን ጃንጥላውን ዘረጉ። ውኃው ጉልበታቸው ሲደርስ ቆሙ። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አዩንና መሳቅ ጀመሩ። ባሻ ወደ እነሱ ዞረው፣ በዚያ በድሮው የችሎት ድምፅ፣

"ዝም በሉ፤ ቅጣት እየተፈጸመ ነው" አሉ።

ሴቶቹ ዝም አሉ። እስከምንወጣ ድረስ አንድ ልብስ እንኳ አልተመታም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አልቆዩም። ያን ቀን ታንኳ ላይ መቅዘፊያዬን አስቀምጬ ብዘገይም ቀብራቸው ደርሻለሁ። ከቀብር መልስ ልጃቸው ጃንጥላውን ሰጠችኝ። አልወስድም ብዬ ተከራከርሁ፤ ወሰድሁ።

እስከ ዛሬ እኔ ዘንድ ነው፤ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ባለፈው ክረምት አንደኛው ዘንጉ ተሰበረ። የሰበርሁት እኔ ነኝ፣ በሩን ስዘጋ። አላየሁትም ነበር ባሻ። በእውነት አላየሁትም።